ዘቢደርና የባለበቅሎው ተራ

ደባርቅ ውስጥ ኮምፒዩተር እምቢ ሲል ባለቤቱ መጀመሪያ ያጠፋዋል፤ ቀጥሎ ያበራዋል፤ አሁንም እምቢ ካለ ጎኑን በጥፊ ይመታዋል፤ በመጨረሻ ዘቢደርን ይጠራል። ዘቢደር ያርጋል ደግሞ የምትመጣው ቁጣዋን ይዛ ነው። ገና ከበሩ ሳትገባ «ማን ነካው?» ትላለች። ማንም አልነካውም። በዚህ ከተማ ኮምፒዩተር የነካ ሰው እስከ ዛሬ ተገኝቶ አያውቅም።

«ማን ነካው?» ማለቱን የወረሰችው ከአባቷ ነው። ያርጋል ዳባት ገበያ ዳር፣ በረንዳ ላይ መኪና ዘርግቶ ልብስ የሚሰፋ ሰው ነበር። ልጅቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሥራዋ አባቷ ሲሰፋ ማየት፣ ለምሳ ሲነሳ ደግሞ መኪናውን መነካካት ነው። ክር የምታጠብቅና የምታላላ አንዲት ትንሽ ብሎን አለች፤ ዘቢደር እሷን በትንሹ ታዞርና ምን እንደሚመጣ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። የሚመጣው የታወቀ ነው፤ ስፌቱ ይላላል፣ የሰው ሱሪ ይበላሻል፣ አባቷ «ማን ነካው?» ብሎ ይጮኻል። አንድ ቀን ግን ያርጋል መጮኹ ሰለቸውና አጠገቧ ተቀምጦ ብሎኗ ወዲህ ስትዞር ምን፣ ወዲያ ስትዞር ምን እንደምታመጣ አሳያት። ከዚያ ወዲህ ልጅቱ ማንኛውንም መሣሪያ ስታይ ዓይኗ የሚሄደው ብሎኑ ወዳለበት ቦታ ነው።

ጎንደር ሄዳ ኮምፒዩተር ተማረች። ዲፕሎማዋን ይዛ ስትመለስ ሥራ እንደጠበቀችው አልጠበቃትም፤ ደባርቅ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብታ የሰው ማመልከቻ ስትጽፍ ከረመች። የሰው ማመልከቻ እየጻፈች የራሷንም በየመሥሪያ ቤቱ ታስገባ ነበር፤ መልስ ግን አልመጣም። እንዲህ ሆና ሳለች በ2003 ዓ.ም. የባለበቅሎዎቹ ማኅበር ጠራት።

የሰሜን ተራራን ሊያይ የሚመጣ ቱሪስት ድንኳኑንና ስንቁን የሚያስጭነው በበቅሎ ነው። ባለበቅሎዎቹ በማኅበር ታቅፈው በተራ ይሠራሉ። ተራው ያኔ የሚያዘው በወረቀት ነበር፤ ወረቀቱ ሲጠፋ ዱላ ይመዘዛል፣ ሳይጠፋም ይመዘዛል። የማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ ስማቸው፣ ነገሩን ኮምፒዩተር ይያዘውና እኔ ልረፍ ብሎ ነው ዘቢደርን ያስቀጠራት።

ዘቢደርም ፕሮግራሙን ፒ ኤች ፒ በሚባለው የድረ ገጽ ቋንቋ ጻፈችው። ይህ ቋንቋ ሥራ ከመጀመሩ በፊት አንድ የሴቲንግ ፋይል ያነባል። ሰዓቱን በየትኛው አገር ይቁጠር፣ ስንት ፎቶ ይቀበል፣ ስህተት ሲያገኝ ይናገር ወይስ ዝም ይበል፣ ሁሉም እዚያ ተጽፎለታል። ዘቢደር ፋይሉን ከፍታ ስታነብ የአባቷን መኪና ብሎኖች ሁሉ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግተው ያገኘቻቸው መሰላት። ደስታዋን ለማን ትንገር? ለአቶ ስማቸው ብትነግረው «ጥሩ ነው» አለና ወደ ቤቱ ሄደ።

ፕሮግራሙ ሥራ በጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት ግን ጉድ ፈላ። ለባለበቅሎው የሚሰጠው ቁራጭ ወረቀት ላይ «8፡00» ተብሎ ይታተማል፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ጠዋት ማለት ነው። ባለበቅሎው ስምንት ሰዓት ካየ ስምንት ሰዓት ነው፤ ምሳውን በልቶ፣ በቅሎውን አብልቶ፣ ከሰዓት በኋላ ዘና ብሎ ይመጣል። ቱሪስቱ ጠዋት ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ሻንጣው ላይ ተቀምጦ ሲጠብቀው ውሏል። ሁለት ቀን እንዲህ ሆነና አቶ ስማቸው ፊቱን አጠቆረባት።

ዘቢደር መላ አላጣችም። ሰዓቷ ከኛ ሰዓት ጋር የምትገጥም አገር ፍለጋ የዓለምን ከተሞች ስታገላብጥ የአርጀንቲናዋን ቦነስ አይረስን አገኘች። ደባርቅ ላይ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን እዚያ በፈረንጅ አቆጣጠር ከሌሊቱ ሁለት ነው። ቁጥሩ ይገጥማል፤ ከዚያ ወዲያ ጠዋት ይሁን ሌሊት ለቁራጯ ወረቀት ምን ገዷት! ዘቢደር ፕሮግራሙ ባለበት ማኅደር ውስጥ አንዲት ትንሽ ፋይል ፈጠረችና ሰዓቱን በቦነስ አይረስ ቁጠር ብላ አዘዘችው። በማግስቱ ወረቀቱ «2፡00» ብሎ ታተመ። ባለበቅሎዎቹ በሁለት ሰዓት ከች አሉ። አቶ ስማቸው «ልጅቱ ጭንቅላት አላት» እያለ ከተማውን ዞረ፤ ወሬው ዳባት ድረስ ደርሶ ያርጋል ደንበኛ በመጣ ቁጥር ያወራው ጀመር።

ከዚያ ዓመታት አለፉ። ኮምፒዩተሩ አርጅቶ በአዲስ ተተካ። ዘቢደር በአዲሱ ላይ ትልቁን የሴቲንግ ፋይል በደንብ አስተካክላ፣ ሰዓቱንም አዲስ አበባ ብላ ጻፈች፤ ፕሮግራሙን ግን ከነማኅደሩ እንዳለ አንስታ አዛወረችው። ያቺ ትንሽ ፋይልም አብራ ተጓዘች። ወረቀቱ መታተሙን፣ ሰዎቹም በሰዓታቸው መምጣታቸውን ቀጠሉ። ደህና የሚሠራ ነገር ሲገኝ ለምን ደህና ሠራ ብሎ ማን ይጠይቃል? ዘቢደርም አልጠየቀችም። ትዳር ያዘች፣ ወለደች፣ ትንሿን ፋይል ፈጽማ ረሳቻት።

በ2007 መጀመሪያ ማኅበሩ አዲስ ደንብ አወጣ። እስከዚያ ድረስ ባለበቅሎውን የምትመዘግበው ዘቢደር ነበረች፤ ቢሮ ሲከፈት ማለት ነው። በአዲሱ ደንብ ኮምፒዩተሩ የጥበቃው ክፍል ውስጥ ተቀመጠና ተራው የደረሰ ሰው በፈለገው ሰዓት ገብቶ፣ የአባልነት ቁጥሩን ራሱ ነክቶ መምጣቱን እንዲያስታውቅ ተደረገ። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ምዝገባው ይዘጋል። ያልተመዘገበው «ቀርቷል» ይባልና ተራው ለተከታዩ ያልፋል። በአንድ የቱሪስት ወቅት ሦስት ጊዜ የቀረ አባል እስከሚመጣው ዓመት ከማኅበሩ ይሰረዛል። ደንቡ ሲወጣ ሁሉም አጨበጨበ፤ ዋሴም አብሮ አጨብጭቧል።

ዋሴ ትውልዱ ጃናሞራ ነው፤ ጎጆ የቀለሰው ግን ከደባርቅ በላይ፣ ወደ ሳንቃበር በሚወስደው መንገድ ካለች መንደር ነው። ዝምተኛ፣ ቃሉን የማያጥፍ፣ ከሰው ይልቅ ከበቅሎው ጋር ብዙ የሚያወራ ሰው ነው። እርሻው ጥቂት፣ ልጆቹ ብዙ፤ ቤቱን የያዘችለት ያቺ አንዲት በቅሎ ነች። ተራው በደረሰ ቀን ዶሮ ሳይጮህ ይነሳና፣ የከተማው ባለበቅሎ ገና ሲገላበጥ እሱ ማኅበሩ ግቢ ይደርሳል። ቁጥሩን ይነካል። ስክሪኑ «እናመሰግናለን» ይለዋል። ከዚያ በቅሎዋን ወደ ወንዝ ወስዶ ያጠጣታል፣ ሳር ያስግጣታል፣ በሁለት ሰዓት ተመልሶ ለጭነት ይቀርባል።

በጥቅምት አንድ ቀን ከወንዝ ሲመለስ ተራው ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ጠበቀው። ኮምፒዩተሩ ቀርቷል ብሏል ተባለ። እንዴት እቀራለሁ፣ ይኸው ሌሊት መጥቼ ነክቻለሁ ቢል የሚሰማው አጣ፤ ያዩት እኮ በሁለት ሰዓት በቅሎዋን እየሳበ ሲመጣ ነው። ኅዳር እንደገባ ያው ነገር ተደገመ። የሌሊቱ ጥበቃ አባባ ገብረ ሚካኤል፣ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ፣ መምጣቱን አውቃለሁ ብለው መሰከሩለት። ግን ገብረ ሚካኤል የዋሴን ልጅ ክርስትና ያነሱ አበልጁ ናቸው። አበልጅ ለአበልጁ ባይመሰክር ነበር የሚገርመው ተባለና ቃላቸው ተጣለ።

ኮሚቴው ነገሩን ለማጣራት ዘቢደርን ጠራት። ዘቢደር ትልቁን የሴቲንግ ፋይል ከፈተች። ሰዓቱ አዲስ አበባ ይላል። እንደገና አነበበችው፤ አዲስ አበባ ነው። የዚያን ቀኑን ምዝገባ አየች፤ የዋሴ ቁጥር የለበትም። ተመልሳ ኮሚቴው ዘንድ ገባችና አፏን ሞልታ ተናገረች።

«ኮምፒዩተሩ ትክክል ነው። ኮምፒዩተር አይዋሽም።»

ዋሴ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። አንድ ጊዜ ደግሞ ቀርቷል ከተባለ፣ ቤቱን የምታስተዳድረው በቅሎ እስከሚመጣው ዓመት ሥራ የላትም ማለት ነው።

ለኅዳር ሚካኤል አጥቢያ ዘቢደር ነጠላዋን አጣፍታ ቤተ ክርስቲያን ልትሳለም ወጣች። የደባርቅ የኅዳር ብርድ ጥርስ ያንገጫግጫል። ሰማዩ ገና አልነጣም። ከማኅበሩ ግቢ በር ላይ ስትደርስ ከወዲያ የኮቴ ድምፅ ሰማች፤ ዋሴ በቅሎውን እየሳበ ነው። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞሮ አማተበ፣ ለሷም በአክብሮት ዝቅ አለላት። ቅሬታ እንኳ በፊቱ ላይ አልታየበትም፤ እሷ ናት ያፈረችው።

«ተራዬ ነው ዛሬ» አላት። «ለሚካኤል ንገሪልኝ ልጄ፤ የዛሬዋ እንኳ አታምልጠኝ።»

ቆማ እያየችው ወደ ጥበቃው ክፍል ገባ። የስክሪኑ ብርሃን ፊቱ ላይ ሲበራ አየች። እሱ ሲወጣ እሷ መንገዷን ቀጠለች።

ከቅዳሴ ስትመለስ ረፍዷል። ቱሪስት በዓል አያውቅም፤ ጭነቱ ተጭኖ ሄዷል። ዋሴ ግን ከነበቅሎው በሩ ላይ ቆሟል። አያማርርም፣ አይሳደብም፣ የበቅሎዋን ጋማ በእጁ እያፍተለተለ መሬት መሬት ያያል። ዘቢደር ሮጣ ገባችና ስክሪኑን አየች። ዋሴ፣ ቀርቷል። የገዛ ዓይኗ ያየውን ሰው የገዛ ፕሮግራሟ አልመጣም ይላታል።

መጀመሪያ ያሰበችው ቁጥሩን አሳስቶ ይሆናል ብላ ነው። አባባ ገብረ ሚካኤልን ጠየቀቻቸው። ሽማግሌው ቃላቸው በመጣሉ ቅር ብሏቸዋልና ጋቢያቸውን ሳብ አድርገው ፊታቸውን አዞሩባት። በኋላ ግን ሆዳቸው አልቻለም።

«ቁጥሩን አላሳተም። እየቆጠረ ነው የሚነካው፤ እኔም አብሬ እቆጥራለሁ። አየሽ ልጄ፣ አሁንስ ከዚህ ነገር የባሰው የቤቱ ነው። ወሬው ገበያ ላይ ሚስቱ ጆሮ ደርሷል። ዶሮ ሳይጮህ ከአጠገቤ ተነስቶ እየወጣ ማኅበሩ አልመጣም ካለ፣ ታዲያ የት ነው የሚሄደው? ብላለች። አይፈረድባትም። ሳምንታት ሆናት ቃል ካልተነፈሰችው። እንጀራውን አቅርባለት ዘወር ነው።»

ዘቢደር እስከዚያ ድረስ የሰው ተራ ብቻ ያስቀረች መስሏት ነበር። ለካስ ሰው ቤት ውስጥ ገብታለች፤ ያውም ኮምፒዩተር አይዋሽም በምትል አንዲት ቃል።

በሩን ዘጋችና ተቀመጠች። ትልቁን ፋይል ለሦስተኛ ጊዜ ከፈተች፤ ያው አዲስ አበባ ነው። ልትዘጋው ስትል እጇ ቆመ። ይህ እኮ ለፕሮግራሙ የተጻፈለት ነው እንጂ እሱ በሥራ ላይ ያዋለው አይደለም፤ ምን እንደያዘ ራሱን አልጠየቅኩትም አለች። ፋይል ማንበብና ፕሮግራሙን መጠየቅ ሁለት የተለያየ ነገር መሆኑን ጎንደር ተምራዋለች፤ ፈተና አልፋበታለች፤ ከዚያ ወዲህ ግን ፋይሉ ይበቃታል ብላ ስንፍና ለምዳ ነበር።

እዚያው ማኅደር ውስጥ አንዲት አዲስ ገጽ ከፈተችና ሁለት ጥያቄ ጻፈች። አንደኛው ትልቁ ፋይል ሰዓቱን በየት ቁጠር ይልሃል የሚል ነው። ሁለተኛው አንተ አሁን በየት እየቆጠርክ ነው የሚል። ገጹን ስታስነሳው ሁለት መስመር ወጣ። የመጀመሪያው አዲስ አበባ አለ። የሁለተኛው ቦነስ አይረስ።

መጀመሪያ ሳቋ መጣ። ቀጥሎ ያቺ ትንሽ ፋይል ትዝ ስትላት ሳቁ ጠፋ። ትልቁ ፋይል የአገር ሕግ ነው ብንል ትንሿ ፋይል የቤት ደንብ ነበረች፤ በዚያ ቤት ውስጥ ደግሞ የሚሠራው የቤቱ ደንብ ነው። ፕሮግራሙ ያን ሁሉ ዓመት ደባርቅ ተቀምጦ የሚኖረው አርጀንቲና ነበር። ሰዓቱ ገጥሞላቸዋል፣ ቀኑ ግን አልገጠመም። የቦነስ አይረስ እኩለ ሌሊት የሚሆነው ደባርቅ ላይ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ነው። ከዚያ በፊት የመጣ ሰው በፕሮግራሙ ዓይን ትናንት የመጣ ነው። እኛ ገና ሳይነጋ ለሚካኤል አጥቢያ እንላለን፣ ሌሊቱን ለሚመጣው ቀን ሰጥተን። ያ ፕሮግራም አጥቢያ የሚባል ነገር አያውቅም።

ወደ ኋላ ሄዳ ከየተራው ቀን በፊት ያሉትን ቀናት ከፈተች። ዋሴ እዚያ አለ። በጥቅምት አለ፣ በኅዳር መባቻ አለ፣ የሚካኤል ዋዜማ ላይ አለ፤ ሁልጊዜ በአሥራ አንድ ሰዓት። የከተማው ባለበቅሎዎች ፀሐይ ከወጣ በኋላ ስለሚመጡ አንዳቸውም አልተነኩም። የተቀጣው ከሁሉ ቀድሞ የመጣው ሰው ብቻ ነው። «እናመሰግናለን» የሚለውን ደግሞ የጻፈችው ራሷ ነች፤ ቀኑ ይሁን አይሁን ሳያይ ላገኘው ሁሉ የሚያመሰግን አድርጋ። ዘቢደር ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። በንዴት ነው ያለቀሰችው፤ በማንም ሳይሆን በራሷ።

ማስተካከሉ ብዙ አልፈጀም። ቀኑን በአዲስ አበባ አስቆጠረችው፤ ወረቀቱ ላይ የሚታተመውን ሰዓት ብቻ ስድስት ቀንሶ በኛ አቆጣጠር እንዲጽፍ አደረገችው። ትንሿን ፋይል አጠፋቻት። እንደገና ጠየቀችው፤ አሁን ሁለቱም መስመር አዲስ አበባ አሉ። የከበደው ከዚያ በኋላ ያለው ነበር። የፊታችን እሑድ ጠቅላላ ጉባኤ አለ፤ አጀንዳው የዋሴ መሰረዝ ነው።

ቅዳሜ ለአቶ ስማቸው ሁሉንም ነገረችው። ስማቸው ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ያን ፕሮግራም እንደ ልጁ ነው የሚያየው፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ወስዶ የሚያሳየው እሱን ነው። ብዙ አሰበና መላ አገኘ። ስህተቱ ተስተካክሏል፤ ስለዚህ ለጉባኤው ምንም መናገር አያስፈልግም። ማኅበሩ ለዋሴ ይቅርታ አድርጎለታል ይባላል። ሰውየው ወደ ተራው ይመለሳል፣ የፕሮግራሙም ስም አይጠፋም፣ እሷም ከሰው ፊት አትዋረድም።

«ለሁሉም ደግ ነው» አላት። «ነገሩ ከተሰማ እኮ ነገ በወረቀት አምጡ ይሉናል። ሥራሽንም አስቢ።»

ሥራዋን አስባለች። ቤት ኪራይ አለባት፣ ልጅ አለቻት፤ ደባርቅ ውስጥ ለኮምፒዩተር ሰው ሌላ ደሞዝ እንደማይገኝ ከማንም በላይ ታውቃለች። ስማቸው ያለው ለሷም ቢሆን የሚያጓጓ ነው።

«ይቅርታ የሚደረግለት ላጠፋ ሰው ነው፣ አቶ ስማቸው» አለችው። «እሳቸው ምን አጠፉ?»

ስማቸው መነጽሩን አውልቆ መጥረግ ጀመረ። እንዳሻሽ አላላትም፣ ተይም አላላትም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ባለበቅሎዎቹ ተሰበሰቡ። ዋሴ ከኋላ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ስማቸው ስብሰባውን ከፈተና አጀንዳውን ሊያነብ ሲል ዘቢደር እጇን አወጣች። የተዘጋጀችው ስለ ሴቲንግ፣ ስለ ፋይል፣ ስለ አገሮች ሰዓት ልታስረዳ ነው፤ ብድግ ስትል ግን ሁሉም ከራሷ በነነ።

«ጋሽ ዋሴ ቀርተው አያውቁም» አለች። «ሦስቱንም ቀን ከሁላችሁ ቀድመው መጥተዋል። ኮምፒዩተሩን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ትክክል ነው ብዬ የመሰከርኩትም እኔ ነኝ።»

ከዚያ ጥያቄው ዘነበ፤ አርጀንቲናም፣ ትንሿ ፋይልም፣ አጥቢያውም ተራ በተራ ወጣ። ነገሩ የገባቸው ላልገባቸው አስረዱ፣ ያልገባቸውም መልሰው አስረዱ። ምላሱ የማያርፈው የሺዋስ የሚባለው ባለበቅሎ፣ ይኸው ስንት ዘመን አርጀንቲና ስንጭን ኖረን ዶላሩ የታለ ብሎ ሰውን በሳቅ ጨረሰው። ከፊት የተቀመጡት ሽማግሌ ወደ ወረቀቱ እንመለስ ብለው ነበር፤ ብዙዎቹ ግን የወረቀቱ ዘመን ዱላ ትዝ አላቸውና ዝም አሰኟቸው። አንዱ ደግሞ ስህተቱን ራሷ ፈልጋ ራሷ ካወጣች ማን ይሻለናል አለ። ስማቸው ዓይኑን ከመሬት አንስቶ፣ ሊቀ መንበሩም ሳያጣራ ፈርዷልና ዋሴን ማኅበሩ ይቅርታ ይጠይቅ ሲል ሐሳብ አቀረበ። ዘቢደር ከሱ ይህን አልጠበቀችም። ሁሉም እጅ አወጣ። አባባ ገብረ ሚካኤል አባል አይደሉም፤ ግን በሩ ላይ ቆመው እሳቸውም እጃቸውን አወጡ።

ሰው ሁሉ ዋሴን ሊጨብጥ ተነሳ። ዋሴ የሁሉንም ጨበጠ፣ ለሁሉም እግዜር ይስጥልኝ አለ። ፊቱ ግን አልተፈታም። ዘቢደር ቀርባ ይቅር ይበሉኝ ብላ ጉልበቱን ልትስም ዝቅ ስትል በክንዷ ያዛት።

«ይቅር ለእግዜር ልጄ። ለነዚህ ነገርሽልኝ፤ ደግ አደረግሽ። እቤቴስ ማን ይንገርልኝ?»

ዘቢደር ያኔውኑ ነጠላዋን አንስታ ተከተለችው።

ዳገቱን ሲወጡ ብዙ አላወሩም። እሱ ከፊት፣ በቅሎዋ ከመሀል፣ እሷ ከኋላ ሆነው የገብስ ማሳውን ዳር ዳር እየተከተሉ ሄዱ። የደረሰው ገብስ በከፊል ታጭዷል። ዘቢደር ምን ብላ እንደምትናገር በልቧ ስታሰናዳ፣ ቃሉን ስታፈርስና ስትሠራ ሳታስበው ደረሱ። ግቢው በር ላይ ዋሴ ቆመ። አንቺ ግቢ አላት በእጁ፤ እሱ የበቅሎዋን ኮርቻ ሊያራግፍ ወደ ጎን ዞረ።

ሚስቱ ወለተ ጊዮርጊስ መደብ ላይ ተቀምጣ ነበር። ከከተማ እንግዳ ሲመጣባት ደንግጣ ተነሳች፣ ቦታ ለቀቀችላት፣ ምን ላቅርብልሽ አለቻት። ዘቢደር አልተቀመጠችም። እዚያው ቆማ ስሟን፣ ሥራዋን፣ ያጠፋችውን ሁሉ ተናገረች፤ ስለ ኮምፒዩተሩ፣ ስለ ሰዓቱ፣ ዛሬ ጉባኤው ስለወሰነው። ወለተ ጊዮርጊስ እያቋረጠች አልጠየቀቻትም። ሲያልቅ ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«እኔ የማሽኑን ነገር አላውቅም። ትናንት ቀረ አለ፣ ዛሬ መጣ ይላል፤ ነገ ደግሞ ምን እንደሚል ማን ያውቃል። አንቺ በዓይንሽ አየሽው ወይ?»

«አየኋቸው፣ እትዬ» አለች ዘቢደር። «ለሚካኤል አጥቢያ፣ በቅሎዋን እየሳቡ ወደ ማኅበሩ ግቢ ሲገቡ። ሲያማትቡም አይቻለሁ። ለሚካኤል ንገሪልኝ ብለውኛል።»

ሴትዮዋ የነጠላዋን ጫፍ ወደ አፏ ወሰደች። ደጅ ዋሴ ያራገፈውን ኮርቻ መልሶ ሲጭን፣ እንደገና ሲያራግፍ ይሰማል፤ እንዲሁ እጁን ሥራ ለማስያዝ። ወለተ ጊዮርጊስ እንባዋን ጠረገችና ወደ በሩ ሄደች። ብቅ ብላ ባሏን አየችው።

«ምን ደጅ ያስቆምሃል?» አለችው። «ግባ እንጂ፤ ብርድ ነው።»